ያለ ኋላ ማርሽ አንድ ሳምንት

ፒክአፕ መግዛት እንዳለብን የገባኝ ሲያትል፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በዝናብ፣ መንገድ ዳር በተጣለ ሶፋ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል የተቀመጥኩ ቀን ነው። ሶፋው የእኔ አልነበረም። የማንም አልነበረም። እዚህ አገር ሰው ቤት ሲቀይር የማይፈልገውን ዕቃ ያወጣና "በነፃ ውሰዱ" የሚል ወረቀት ለጥፎበት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ያረጀ ሶፋና ወንበር ጨርቁንና ስፖንጁን ቀይሮ አዲስ ማድረግ ነው። ሊንውድ በተከራየነው ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። የዚያን ሶፋ እግሮች ሳይ ልቤ ቀለጠ፤ ድፍን እንጨት፣ በእጅ የተጠረበ። ባለቤቴ የሚከራይ የጭነት መኪና ፍለጋ ሲሄድ እኔ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ላዩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጃንጥላ ነበረኝ፤ ጃንጥላው ግን ለእኔ እንጂ ለሶፋው አይበቃም። አንዲት ሴትዮ ውሻዋን እየጎተተች መጣችና ምንም ሳትጠይቀኝ አጠገቤ ተቀመጠች። አውቶቡስ ማቆሚያ መስሏታል። ውሻው ከእሷ በፊት ወጥቶ መሃላችን ተጋድሞ ነበር። አውቶቡሱ የሚያልፈው በሌላ መንገድ መሆኑ እስኪገባት ድረስ ስለ ዝናቡ ስናወራ ቆየን።

ባለቤቴ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ የሚከራይ መኪና አልተገኘም። ሶፋውን በትንሿ መኪናችን ጣሪያ ላይ በገመድ አሰርነው። ውሃ የጠጣ ሶፋ በሬ ያክላል። የመኪናዋ ጣሪያ ወደ ውስጥ ጎበጥ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እስከ ሊንውድ ድረስ እሱ በግራ መስኮት፣ እኔ በቀኝ መስኮት እጃችንን አውጥተን ገመዱን ይዘን ሄድን። ሶፋው መውደቅ ቢፈልግ የእኛ እጅ እንደማያስቀረው ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ይዘን ነበር። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ የደነዘዘ እጁን እያሻሸ፣ "ሶ፣ ፒክአፕ እንፈልግ" አለ።

ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የሚከተለው አይገባም። መሃል ሲያትል፣ አንድ ትልቅ ፎቅ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቷል። የሰው መኪና ተቀብሎ ፓርክ ያደርጋል፣ ሲጠሩት ያወጣል። በሁለት ምሰሶ መሃል መኪና በኋላው ማስገባት ለእሱ እንደ ፊርማው ነው። ሱፐርማርኬት ሄድን፣ ሐኪም ቤት ሄድን፣ ልቅሶ ሄድን፣ እሱ የሚያቆመው በኋላው ነው። እኔ እንደ ሰው በፊቷ ሳቆማት ወርዶ ያያትና ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል።

የተሸጠ ያልተሸጠውን ስናይ ከርመን ሾርላይን ውስጥ አንድ ፒክአፕ አገኘን። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ነጭ አሜሪካዊ፣ ሰባውን ያለፉ። ኮል አደረግን። ሰውዬው ሰላምታችንን እንኳ ሳይጨርሱ፣ "ከመምጣታችሁ በፊት የምነግራችሁ ነገር አለ" አሉ። "ይህ ሞዴል የታወቀ ድካም አለበት። የኋላ ማርሹ ነው። ውሎ አድሮ ሁሉም ላይ ይደርሳል፤ የእኔም ላይ ጀምሯል። ይህን ሰምታችሁ መምጣት ከፈለጋችሁ ኑ።"

ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ አየኝ።

"ሻጭ ሆኖ የዕቃውን ጉድለት የሚናገር ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ሶ፣ ይሄን ከነገረን ያልነገረን ምን ይሆን?"

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ። መርካቶ ገበያ የለመደ ሰው ሲዋሹት ዋጋውን ያውቃል፤ እውነት ሲነግሩት ግን መያዣው ይጠፋበታል።

አንድ መካኒክ ወዳጅ አለን። ወላጆቹ ከኤርትራ ናቸው፣ እሱ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛው የተክለ ሃይማኖት ሰፈር አማርኛ ሆኖ ሲደነግጥ ብቻ "ዋይ!" ይላል። መኪና ሲያይ ስለማይናገር ውጤቱን የምናውቀው በዋይታው ቁጥር ነው። አንድ ከሆነ ቀላል ነው፤ ሁለት ከሆነ ዋጋ ማስቀነስ ነው፤ ሦስት ከሆነ ቁልፉን መልሶ መሄድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይዘነው ሄድን።

ፒክአፑ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሰውዬው አጥበው፣ ጎማውን ሳይቀር ወልውለው ጠበቁን። መካኒካችን ካርቶን አንጥፎ ሥሩ ገባ። እኔና ባለቤቴ ጆሯችንን አቁመን ቆምን። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ "ዋይ!" መጣ። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። ሁለተኛ አልመጣም። ኋላ ስንጠይቀው ለካ አንገቱ ውስጥ ውሃ ገብቶበት ነው።

"አሁን ኋላ ማርሹን እዩት" አሉ ሰውዬው። "ሪቨርስ ታስገቡና እስከ አሥር ትቆጥራላችሁ። ጋዝ አትርገጡ። ዝም ብላችሁ ቁጠሩ።"

ባለቤቴ ገብቶ ሪቨርስ አስገባ። ሰውዬው ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ እኛም ሳናስበው አብረን ቆጠርን። በእንግሊዝኛ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ፒክአፑ ምንም። ስድስት፣ ሰባት። ስምንት ላይ ከሥር አንድ "ዷ!" የሚል ድምፅ መጣና መኪናው ተነቃንቆ ወደ ኋላ ሄደ።

"በስምንት!" አሉ ሰውዬው፣ ልጃቸው ፈተና ያለፈላቸው ይመስል። "ትናንት በአሥራ አንድ ነበር።"

መካኒካችን እጁን እየጠረገ ወደ ዳር ወሰደን። "ሞተሩ ጤነኛ ነው። ፍሬኑ ጤነኛ ነው። ዝገት የለውም። ማርሻ ዴትሮው፣ ኋላ ማርሹ፣ ግን በሽታ ነው፣ ወንድሜ፤ የዚያ ዓመት ምርት ሁሉ ይዞት ነው የተወለደው። አንድ ቀን ጭራሽ እምቢ ይላል።"

"መቼ?" አልኩ።

"እሱን ለፈጣሪ ተዪለት። ነገ ሊሆን ይችላል። ሦስት ዓመትም ሊሄድ ይችላል።"

"ማሠራትስ?"

"ካምቢዮውን ማውረድ ነው። መኪናውን ከምትገዙበት ይበልጣል።"

"አንተ ብትሆን ትገዛዋለህ?" አለ ባለቤቴ።

መካኒካችን ሰማዩን አየ፣ ፒክአፑን አየ፣ እኛን አየን። "እኔማ እገዛዋለሁ፤ መካኒክ ነኛ። እናንተ መካኒክ ስላልሆናችሁ አትግዙት። ግን በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ሞተር አታገኙም። ሶ፣ ግዙት።" ይህን ብሎ ካርቶኑን አጥፎ ሄደ።

ሰውዬው ውሳኔ አልጠየቁንም። "እስከሚመጣው ቅዳሜ ለማንም አልሸጥም፤ ሄዳችሁ አስቡበት" አሉን። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነበር። "አየሽ? ጊዜ ሰጠን። መሸጥ የሚፈልግ ሰው ጊዜ ይሰጣል?"

ማታ እራት ላይ ክርክሩ ተጀመረ። ከእኛ ጋር አማቴ፣ የባለቤቴ እናት ይኖራሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ጉልበታቸው እንጂ ሌላው ሁሉ ከእኔ ይሻላል።

"ኋላ ማርሽ የሌለው መኪና መኪና አይደለም" አለ ባለቤቴ። "ግማሽ መኪና ነው።"

"አሁን እኮ አለው" አልኩ።

"በስምንት ቆጠራ!"

አማቴ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ "አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በበቅሎ ነው የሄደው" አሉ። "በቅሎዋ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስትሄድ አላየሁም። መመለስ ሲያምረው ያዞራታል።"

"እማዬ፣ ካፒቶል ሂል ላይ በቅሎ ማዞሪያ የለም።"

"እንግዲህ ከተማውን ለበቅሎ ያልሠሩት እነሱ ናቸው" አሉና ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

እኔ ፒክአፑን ወድጄዋለሁ። ከፍ ያለ መቀመጫው፣ ሶፋ ከነእግሩ የሚውጥ ጀርባው ዓይኔ ላይ ቀርቷል። "ለመሆኑ በቀን ስንቴ ነው ወደ ኋላ የምንሄደው?" አልኩ።

"ሁልጊዜ!"

"ሁልጊዜ ቁጥር አይደለም። ስንቴ?"

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተስማማን፦ ከነገ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ የራሳችንን መኪና ያለ ኋላ ማርሽ እንነዳለን። ከቻልን ፒክአፑን እንገዛለን፤ ካልቻልን እንተዋለን። የእሱ የሥራ ቦታ አይቆጠርም፤ እዚያ የሰው መኪና ነው። ማርሹን ስናንቀሳቅስ በሪቨርስ ላይ ማለፍ ይፈቀዳል፣ መቆም አይፈቀድም። አማቴ ምስክር ሆኑ። ምስክርነቱን ምን ያህል አክብደው እንደያዙት ያወቅሁት ኋላ ነው።

እሑድ ጠዋት ለቸርች ለብሰን ወጣን። መኪናዋ በአፍንጫዋ ወደ ጋራዡ በር ተጠግታ ቆማለች። ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስምምነቱ ከመምጣቱ በፊት።

"ገና ሳንጀምር አለቀ" አለ ባለቤቴ፣ ደስ እያለው።

"እንገፋታለን" አልኩ።

አማቴ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው የኋላ ወንበር ላይ ገብተዋል። "እማማ፣ ለትንሽ ጊዜ ይውረዱልን፣ ልንገፋ ነው" ብላቸው፣ "ከተቀመጥኩ ተቀመጥኩ" አሉ። ባለቤቴ በሱፉ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ እግሩን ተከለ። እኔ መሪ ይዤ ዜሮ ማርሽ አስገባሁና ፍሬኑን ለቀቅኩ።

የግቢያችን መግቢያ ወደ መንገዱ ቁልቁል መሆኑን ለስድስት ዓመት ኖረንበት ልብ ብለነው አናውቅም። መኪናዋ ያለ ማንም እርዳታ ቀስ ብላ ሄደች። ባለቤቴ የተደገፈው ነገር ከፊቱ ስለጠፋበት እጁን እንደዘረጋ ጥቂት እርምጃ ተከተላት። መንገዱ ላይ ቆምኩና በመስኮት ሳየው የግቢውን ሲሚንቶ ቁልቁል እያየ ነው።

"ቁልቁለት እኮ..." አለ ለራሱ። "ቁልቁለት ኋላ ማርሽ ነው።"

ያኔ ፊቱ ላይ የበራውን ነገር አይቼ መጠንቀቅ ነበረብኝ።

ቸርች ስንደርስ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው አስተናጋጅ እንደወትሮው ወደ ግድግዳው አስጠግተን እንድናቆም ምልክት ሰጠ። ባለቤቴ በጣቱ "አይሆንም" አለው። አስተናጋጁ ደግሞ አሳየው። ባለቤቴ ደግሞ "አይሆንም" አለው። ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ። በመጨረሻ ባለቤቴ ግቢውን ዞሮ መውጫው በር አጠገብ፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጎ አቆማት። አማቴን ይዘን ያን ሁሉ መንገድ በእግር ተመለስን። ስንገባ አምልኮው ተጀምሮ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ማክሰኞ ማታ ከቸርቹ ሽማግሌዎች አንዱ ደወሉ። ባለቤቴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ወንድሜ፣ ሰላም ናችሁ? ቤተሰብ ሰላም ነው?"

"ሰላም ነን፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ብዬ ነው። መኪናችሁ ወደ መውጫው ዞሮ ነበር አሉኝ።"

"መኪናው ነው እንጂ እኛ አልዞርንም፣ ጋሼ።"

"አይ፣ ገብቶኛል። የመዘምራኑ ጉዳይ ከሆነ ግን በሽምግልና ይዘነዋል፣ ትዕግሥት አድርጉ።"

"የምን የመዘምራን ጉዳይ?"

"ኦኬ። ተወው። እንጸልያለን" አሉና ዘጉት። የመዘምራኑ ጉዳይ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ አማቴ ግን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ስልክ ላይ ከረሙ።

ሳምንቱ በሄደ ቁጥር ባለቤቴ ሌላ ሰው ሆነ። መኪናዋ የእሱ ተራ በሆነችበት ቀን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ዛሬም ወደ ኋላ ዜሮ!" ይላል። ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ፊትና ኋላ ክፍት የሆኑ ሁለት ቦታዎች ፈልጎ በአንዱ ገብቶ በሌላው ላይ መቆምን ተካነ። የሊንውድን ዳገትና ቁልቁለት በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ሥሎ በቀስት ምልክት አደረገበት። "ሁልጊዜ አፍንጫሽን ወደ ዳገት" ይለኛል። "ያኔ መሬቱ ራሱ ይመልስሻል።" አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ መኪና ሲያቆም እንደዚህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እኔ ግን ሳምንቱ ከበደኝ። ከጨርቅ መሸጫው ሁለት ጥቅልል ጨርቅ ተሸክሜ መኪናዋን ሩቅ እስካቆምኩበት ድረስ በዝናብ ተራመድኩ። ፖስታ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ማታ ማታ በሕልሜ ሳይቀር እዞር ነበር።

ሐሙስ ቤልቪው ያለ ደንበኛዬ ዘንድ አንድ ወንበር ማድረስ ነበረብኝ። አማቴ ነፋስ ልቀበል ብለው አብረውኝ መጡ፤ የኋላ ወንበር ላይ ወንበሩን እንደ ሕፃን አቅፈው። ደንበኛዬ ኢንጂነር ነው፤ ከቤቱ ነው የሚሠራው። የቤቱ መግቢያ በሁለት በኩል አጥር የያዘው ጠባብ መንገድ ሲሆን ወደ ጋራዡ ቁልቁል ይወርዳል። ዝናቡን ሸሽቼ ቀጥ ብዬ ወረድኩ። ወንበሩን አስረከብኩ፤ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ተወዛወዘበት፣ ወደደው። ተሰነባብተን መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ከፊቴ የጋራዥ በር። ከኋላዬ ዳገት።

"እማማ" አልኩ። "እዚህ ማንም አያየንም።"

"እኔ እያየሁ ነው" አሉ አማቴ።

"ሁለት ሜትር ብቻ።"

"ልጄ፣ ቃል በሜትር አይለካም።"

መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን ዝናቡን ማየት ጀመርን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደንበኛዬ በቤት ጫማ ወጥቶ መስኮቱን ቆረቆረ። ችግር አለ ወይ አለኝ። አስረዳሁት። እንግሊዝኛዬ መጥፎ አይደለም፤ ግን አንዳንድ ነገር በየትኛውም ቋንቋ ሲነገር ያሳፍራል። ይህች መኪና ሪቨርስ አላት፣ የምንገዛው መኪና ግን ሪቨርሱ ሊሞት ነው፣ ስለዚህ አሁን የምትሠራዋን እንደማትሠራ አድርገን...

ሰውዬው ቅንድቡን ሰበሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። "ብልሽቱ ከመድረሱ በፊት እየሞከራችሁት ነው!" አለ። ሮጦ ገባና ሚስቱን አመጣት፤ እሷም ኢንጂነር ናት። እሷ ደግሞ የጎረቤቱን ሰውዬ ጠራችው። ከየት እንደሚገፋ፣ መሪው ወዴት እንደሚዞር ተነጋገሩ፤ በጣም ተነጋገሩ። ሦስት የተማሩ ሰዎች በዝናብ፣ በቤት ጫማ፣ መኪናዬን ሽቅብ ገፉ። አማቴ አልወረዱም። ከኋላ ወንበር እጃቸውን እያነሱ፣ "ጌታ ይባርካችሁ፣ ጉልበታችሁን ያድስ" ይሉ ነበር። ምን አሉ ሲሉኝ ተረጎምኩላቸው፤ ሦስቱም እያለከለኩ አመሰገኗቸው።

መንገዱ ላይ ከወጣን በኋላ ደንበኛዬ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ እንዳለ፣ "ውጤቱን አሳውቂኝ" አለኝ። ከልቡ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ተቃጥሏል። ሰው ለሥራዬ ከፍሎኝ ሲያበቃ መኪናዬን አስገፋሁት። ቤት ሳንደርስ ወስኜ ጨርሼ ነበር።

ማታ ባለቤቴ እንደገባ፣ "ፒክአፑን አንገዛም" አልኩት።

"እንዴት አንገዛም? እንገዛለን እንጂ!"

"አንተ አይደለህም እንዴ ግማሽ መኪና ነው ያልከው?"

"አንቺ አይደለሽም እንዴ ስንቴ ነው ወደ ኋላ የምንሄደው ያልሽው?"

አማቴ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። "ባለፈው ቅዳሜ ተለዋውጣችሁ ብትናገሩ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ በሰላም እንነዳ ነበር" አሉ።

ቅዳሜ፣ አንገዛም ለማለት እንኳ በአካል መሄድ ደግ ነው ብዬ አብሬው ሾርላይን ሄድኩ። ሰውዬው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ገዢ መጥቶባቸው ነበር። "ስለ ኋላ ማርሹ ስነግረው 'ችግር የለም' አለኝ" አሉ። "ችግር አለ እያልኩት ችግር የለም የሚል ሰው መኪናዬን እንዲነዳ አልፈልግም።"

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ጥርጣሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ረገፈ። ከኪሱ ያን ፖስታ አወጣ። ሁለቱ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው ቀስቶቹን በጣታቸው እየተከተሉ ያወሩ ጀመር። አንዱ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣ አንዱ አሥራ አምስት ዓመት መኪና ያቆመ። የእኔን እዚያ መኖር ረስተውታል። በመጨረሻ ሰውዬው ቀና አሉ።

"ለመሆኑ ማነው የሚነዳው?"

"እኔ" አልኩ።

"ታዲያ ምን እንጨቃጨቃለን?" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። "ሰፈሩን ዞር ዞር አድርጊውና ተመለሺ።"

ባለቤቴ አጠገቤ ገባ። ፒክአፑ ተነሳ። ላለመውደድ ቆርጬ ነበር፤ ግን ከዚያ ከፍታ ላይ መንገዱ ሌላ መንገድ ይመስላል። መሪው ቀላል ነው፣ ሞተሩ አይጮህም። ሁለት ማዞሪያ እንደዞርን ግራና ቀኙ መኪና የቆመበት፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባን። ከፊት ለፊት ዕቃ የሚያደርስ ቫን መጣ። አፍንጫ ለአፍንጫ ቆምን።

መሸሺያ ክፍተቱ ከእኔ ኋላ፣ ሁለት መኪና ያህል ርቀት ላይ ነው። መመለስ ያለብኝ እኔ ነኝ። ሪቨርስ አስገባሁና መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት። አሥር። አሥራ አምስት። የቫኑ ሹፌር ሁለት እጁን አነሳ። ሃያ።

"ይኸው!" አልኩ። "ይኸው! አልነገርኩህም?"

ዘወር ስል ባለቤቴ የለም። ወርዷል። በዝናቡ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ጃኬቱን አስተካክሎ ወደ ቫኑ ሄደ። መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለና አንድ ነገር ተናገረ። ሹፌሩ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ባለቤቴ ከቫኑ ኋላ ዞሮ ቆመና እጆቹን አነሳ።

ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረን ባለቤቴን ሥራ ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። የሚሠራው መሬት ሥር ነው፤ ማን ሊያየው ይገባል? መዳፉን ከፍቶ ሲጠራ፣ በሁለት ጣቱ "ትንሽ ወደ ግራ" ሲል፣ ጡጫውን ጨብጦ ሲያቆም እጆቹ አይጣደፉም፣ አያመነቱም። ያ ትልቅ ቫን በሁለት ረድፍ መኪና መሃል አንዱንም ስፖኪዮ ሳይነካ እንደ ውሃ ወደ ኋላ ፈሰሰ። መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ባለቤቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሹፌሩን አመሰገነው፤ ሹፌሩም አውራ ጣቱን አወጣለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለማያውቃት ደንበኛ እንደሚያደርግ በሙሉ ክንዱ "ይለፉ" አለኝ።

አለፍኩ። እሱም ርሶ ገባ።

"ምን አልከው?"

"ሚስቴ ይህን መኪና ለመግዛት እያሰበች ነው፣ እባክህ ሐሳቧን እንዳታስቀይርብኝ አልኩት።"

መጀመሪያ ልቆጣ ነበር። ሳቅ ቀደመኝ። መንገድ ዳር አቁሜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ እሱ ፀጉሩን በእጁ እየጠረገ ሳቄ እስኪያልቅ ጠበቀኝ።

"እንግዛው" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ግዛው።"

ገዛነው። ሰውዬው ዘይት የቀየሩበትን ቀን ሁሉ የጻፉበት ደብተር ሰጡን፤ ቁልፉን ሲያስረክቡ የፒክአፑን ጎን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ደወሉ። ባለቤቴ ስልኩን እያየ፣ "ይኸው፣ የደበቀው ነገር መጣ!" አለ። ሰውዬው በቀኝ በኩል ያለው የዕቃ መክተቻ እንደማይከፈት መንገር ረስተው እንቅልፍ አጥተው ነበር።

የኋላ ማርሹ ዘጠኝ ወር ያህል አገለገለን። አንዳንድ ቀን በስድስት፣ አንዳንድ ቀን በአሥራ አራት። አንድ የክረምት ሐሙስ ጠዋት እስከ ስልሳ ቆጠርኩና ተውኩት። አላለቀስንም፤ ተዘጋጅተንበት ነበር። ደንበኞቼን ከመምጣቴ በፊት፣ "መግቢያችሁ ዳገት ነው ቁልቁለት?" ብዬ እጠይቃለሁ። ቤልቪው ያለው ኢንጂነር በፎቶ መለሰልኝ፤ ዳገቱን በዲግሪ ለክቶ። በዚያ ፒክአፕ ያመጣሁትን ሶፋ ብዛት አላውቀውም፤ ጋራዡ ግን ሞልቶ ሥራው ወደ ሳሎን ገብቷል፣ አማቴም ሲያወሩ የሚቀመጡት በሰው ሶፋ ላይ ነው።

በፀደዩ መካኒካችን ደወለ። ከጎን የተመታ የዚያው ሞዴል ፒክአፕ አግኝቷል፤ የተመረተው ግን በሽታው ከተስተካከለ በኋላ ነው። ካምቢዮው ደህና ነው፣ በቅናሽ ይገጥምልናል። እኔ ወዲያው እሺ አልኩ። ባለቤቴ፣ "ምን አስቸኮለን? ተላምደነው የለም እንዴ?" ሲል ነበር።

ሲገጠም ውሎ ማታ ይዤው መጣሁ። ግቢያችን በር ላይ ሪቨርስ አስገባሁ፤ አንድ እንኳ ሳልቆጥር ሄደ። በኋላዬ ቀጥ ብዬ ገብቼ ቆምኩ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲያይ ነበር። ወርዶ ጎማዎቹን ዞሮ አየ። ጥሩ አድርጌ ነበር ያቆምኩት፤ የሚነቅፈው አጣ።

"ሶ፣ አሁን ማንም ሰው ሊነዳው ይችላል ማለት ነው" አለ፣ ቅር ብሎት።